በአዲስ አበባ ለሚኖሩ የአሜሪካ ጦር የቀድሞ አባላት፦ ለፒቲኤስዲ የጉዳት ካሳ የማመልከቻ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግለው ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ ኢትዮጵያውያን መካከል፣ ኢራቅ ወይም አፍጋኒስታን ላይ ያዩት ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ እየነሣቸው፣ ካሳ የሚከፈለው ግን አሜሪካ ለሚኖር ሰው ብቻ እየመሰላቸው ዝም ያሉ አሉ። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚመራው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ቪኤ የሚባለው፣ የጉዳት ካሳ የሚከፍለው በውትድርና ላይ ለደረሰ ወይም በውትድርና ለተባባሰ ሕመም እንጂ በመኖሪያ ስፍራ መሠረት አይደለም። አመልካቹ ካዛንቺስም ይኑር ቨርጂኒያ መብቱ አንድ ነው፤ ዜግነትም ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የሚለየው አሠራሩ ነው፦ ደብዳቤው እንዴት ይደርሳል፣ ምርመራው የት ይደረጋል፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን የተጻፈበት የሐኪም ወረቀት እዚያ ሲነበብ ምን ይመስላል የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይለይ። በኢራቅ፣ በኩዌት ወይም በአፍጋኒስታን የጦር ሰፈሮች በኮንትራት ድርጅቶች ተቀጥረው በአስተርጓሚነት፣ በሾፌርነት ወይም በጥበቃ የሠሩ ሰዎች፣ የገጠማቸው አደጋ ከወታደሩ ያላነሰ ቢሆንም፣ ቪኤ ዘንድ እንደ ቀድሞ ወታደር አይቆጠሩም። የእነርሱ መንገድ ዲፌንስ ቤዝ አክት በሚባለው ሕግ መሠረት አሠሪው በገባው መድን በኩል ነው። ከዚህ በታች ያለው የሚመለከተው ዲዲ-214 የተባለውን የአገልግሎት ማሰናበቻ ወረቀት የተሰጠውንና ስንብቱ በክብር ጉድለት ያልሆነውን ሰው ነው። ዲዲ-214 የጠፋበት ሰው ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ቅጂውን ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላል።

መረጋገጥ ያለባቸው ሦስት ነገሮች

ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚከተለው የአእምሮ ጭንቀት ሕመም፣ ካሳ የሚያስገኘው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲቆሙ ነው። የመጀመሪያው በአሁኑ ጊዜ ሕመሙ እንዳለ የሚያረጋግጥ የባለሙያ ምርመራ ውጤት ሲሆን፣ ይህም ዲኤስኤም-5 በተባለው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መሠረት የተደረገ መሆን አለበት። ሁለተኛው በአገልግሎት ዘመን የደረሰው ክስተት ነው። ሦስተኛው ሕመሙን ከክስተቱ ጋር የሚያገናኘው የሐኪም አስተያየት ነው። የማስረጃው ልክ እንደ ወንጀል ችሎት ከጥርጣሬ በላይ መሆን አይጠበቅበትም፤ ግንኙነቱ የመኖሩ ዕድል ካለመኖሩ ዕድል ጋር ቢያንስ እኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለአመልካቹ ይተረጎማል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ «እኔ ተኩስ ውስጥ አልገባሁም፣ የጭነት መኪና ነበር የምነዳው» ይላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 የወጣው ደንብ ለዚህ ዓይነቱ ሰው በር ከፍቷል። ክስተቱ የጠላት ወይም የሽብር ጥቃት ፍርሃት ከሆነ፣ የቪኤ ወይም ቪኤ የቀጠረው የሥነ አእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ክስተቱ ለፒቲኤስዲ በቂ መሆኑንና ምልክቶቹ ከእርሱ ጋር መያያዛቸውን ካረጋገጠ፣ አመልካቹም የነበረበት ቦታና ሁኔታ ከቃሉ ጋር የሚስማማ ከሆነ፣ የራሱ ቃል ክስተቱን ለማስረዳት ሊበቃ ይችላል። ሞርታር በየሌሊቱ የሚወድቅበት ሰፈር ውስጥ ያደረ ሾፌር በዚህ ውስጥ ይገባል። በውጊያ ለተሳተፈ ሰው ደግሞ እንደ ፐርፕል ኸርት ወይም የውጊያ ተሳትፎ ባጅ ያሉት ሽልማቶች ዲዲ-214 ላይ መስፈራቸው ብዙ ክርክር ያስቀራል።

በአገልግሎት ወቅት ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችም ወንዶችም በዚሁ ሕግ ይስተናገዳሉ። በጊዜው ሪፖርት አለመደረጉ ማመልከቻውን አያፈርሰውም፤ ከዚያ በኋላ የቀረበ የዝውውር ጥያቄ፣ በድንገት የወረደ የሥራ ምዘና ወይም ለእናት የተጻፈ ደብዳቤ ሳይቀር እንደ ምልክት ተወስዶ ይታያል።

ቀኑን አስቀድሞ መያዝ

ማስረጃ ከመሰብሰብዎ በፊት ማድረግ ያለብዎት የማመልከት ሐሳብ እንዳለዎት የሚገልጸውን ቅጽ 21-0966 መላክ ነው። ቅጹ አጭር ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ይሰጥዎታል፤ በዓመቱ ውስጥ ዋናውን ማመልከቻ ካስገቡና ካሳው ከተፈቀደ፣ ክፍያው የሚታሰበው ቅጹ ከደረሰበት ቀን ተነሥቶ ነው። ማመልከቻውን በቪኤ ድረ ገጽ ላይ መጀመር በራሱ ይህን ቀን ይይዛል። ከጦሩ ከተሰናበቱ ገና ዓመት ያልሞላዎት ከሆነ ደግሞ በዚያው ዓመት ውስጥ ማመልከት ቀኑን ወደ ስንብቱ ማግስት ይመልሰዋል።

አድራሻ፣ ስምና ቀን

ከአዲስ አበባ የሚላክ ማመልከቻ ከሕጉ ይልቅ በእነዚህ ሦስት ተራ ነገሮች ይታመማል ብል ማጋነን አይሆንም።

አድራሻ ሲሞሉ ሜሪላንድ ያለውን የወንድምዎን ቤት መስጠት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቪኤ የምርመራ ቀጠሮ የሚይዘው በሰጡት አድራሻ አካባቢ ስለሆነ፣ ቀጠሮው እዚያው ይያዝና እርስዎ ሳይሰሙ ያልፋል። ደብዳቤ በየቤቱ በማይታደልበት በዚህ ከተማ የሚሻለው ዋናው ፖስታ ቤት ወይም በሰፈርዎ ባለ ቅርንጫፍ የፖስታ ሣጥን ተከራይቶ የኢትዮጵያ አድራሻን መስጠትና፣ በድረ ገጹ ላይም መለያ ከፍቶ ደብዳቤዎችን እዚያ መከታተል ነው። መለያው የሚከፈተው በሎግን ዶት ጎቭ ወይም በአይዲ ዶት ሚ በኩል ነው። የአፍሪካ አመልካቾችን ፋይል የሚያየው በፔንሲልቬኒያ የሚገኘው የፒትስበርግ ቅርንጫፍ ነው። ቪኤ ከአሜሪካና ከግዛቶቿ ውጭ ያለው ብቸኛ ቅርንጫፍ ማኒላ ስለሆነ እንጦጦ መንገድ ባለው ኤምባሲ ውስጥ የቪኤ መስኮት አይጠብቁ።

ስምን በተመለከተ፣ ዲዲ-214 ላይ የአያትዎ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሰፍሮ ሳለ የሆስፒታል ካርድዎ ላይ የአባት ስም ብቻ ካለ፣ ወይም አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ተጽፎ ከሆነ፣ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ማጠራጠሩ አይቀርም። ካርድ ሲያወጡ ፓስፖርትዎን አሳይተው ፊደል በፊደል እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ ልዩነቱ አስቀድሞ ተፈጥሮ ከሆነ በአንድ አንቀጽ ያብራሩት።

ቀን ግን ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ነው። ሐኪምዎ «12/03/15» ብሎ የጻፈው ቀን ለእኛ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2022 መሆኑ ነው። አሜሪካዊው አንባቢ ግን ወሩን ከቀኑ አስቀድሞ ስለሚያነብ ዲሴምበር 3 ቀን 2015 ብሎ ይወስደዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ጦሩን የተቀላቀለ ሰው ካርዱ እንዲህ ከተነበበ፣ ሕመሙ ከውትድርናው በፊት የነበረ ይመስላል። ስለዚህ በየወረቀቱ ላይ የፈረንጁ ቀን የወሩ ስም በፊደል ተጽፎ እንዲገባ ሐኪሙን ይለምኑ፤ ላለፉት ካርዶች ደግሞ የቀን ማነጻጸሪያ አዘጋጅተው ያያይዙ።

ሕክምናና የሐኪም ደብዳቤ

እስከ ዛሬ ሐኪም ዘንድ ካልሄዱ የመጀመሪያው ሥራ እርሱ ነው፤ ለካሳው ሲባል ብቻ ሳይሆን ለራስዎም ሲሉ። መርካቶ አቅራቢያ ያለው የቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል በአገሪቱ በአእምሮ ሕክምና አንጋፋው ነው፤ በጥቁር አንበሳም የሥነ አእምሮ ክፍል አለ፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። «አማኑኤል ገባ» መባልን የሚፈራ ሰው መኖሩ የታወቀ ነው፤ ለቪኤ ግን የግል ክሊኒክ ወረቀትም እኩል ይታያል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስብዎ ከሆነ ቅጹን ያስቀምጡትና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የአገራችን ሐኪሞች ካርድ የሚጽፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ በመሆኑ በትርጉም ወጪ ብዙ አይቸገሩም። ቅጂውን ግን ራስዎ ያውጡ፤ ቪኤ ለኢትዮጵያ ሆስፒታል ጽፎ እስኪያስመጣ መጠበቅ ጊዜ መፍጀት ነው። ከካርዱ ሌላ ሐኪሙ የሚጽፈው ደብዳቤ ሕመሙ በየትኛው መስፈርት እንደተለየ፣ የትኛው ክስተት እንዳስነሣው፣ ሥራዎንና ከሰው ጋር ያለዎትን ግንኙነት እንዴት እንደጎዳና፣ ግንኙነቱ ቢያንስ እኩል ዕድል ያለው መሆኑን ከነምክንያቱ መናገር አለበት። «ታካሚው በእኛ ዘንድ ይታከማል» የሚል ባለ ማኅተም ደብዳቤ፣ ማኅተሙ የቱንም ያህል ክብ ቢሆን፣ ብዙ አይፈይድም። የመጀመሪያውን የፒቲኤስዲ ምርመራ ለካሳ ውሳኔ የሚያደርገው የቪኤ ወይም ቪኤ የቀጠረው ባለሙያ ስለሆነ፣ የእርስዎ ሐኪም ደብዳቤ ያንን ምርመራ ይደግፋል እንጂ አይተካውም።

ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ ጠበል የከረሙ ሰዎች ማስረጃ የለንም ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። እንዲህ አይደለም። እንጦጦ ማርያም ሁለት ሱባዔ ሲይዙ አብራዎት የነበረች እኅትዎ ሌሊት ምን እንዳየች ልትመሰክር ትችላለች። ሐኪም ያልሆነ ሰው የሕመሙን ስም መናገር አይችልም፤ በዓይኑ ያየውን ምልክት ግን መናገር ይችላል፣ ቃሉም ይመዘናል።

የራስ ቃልና የምስክሮች ቃል

ክስተቱን የሚተርኩት በቅጽ 21-0781 ላይ ነው። ቦታውን፣ የነበሩበትን ክፍል፣ ወሩንና ዓመቱን፣ የሞተ ወይም የቆሰለ ጓድ ካለ ስሙን ይጻፉ። ቀኑን በትክክል ባያስታውሱ በግምት መጻፍ ይፈቀዳል። የጦርነቱን ታሪክ ከሥሩ መተረክ አያስፈልግም፤ ያ ሌሊት ብቻ ይበቃል።

ምስክሮች የሚሞሉት ቅጽ 21-10210ን ነው። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ልማድ ያሳስታል። እኛ ማኅተም የሌለበትን ወረቀት ወረቀት ስለማንል፣ ሰው ሁሉ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ሰልፍ ይይዛል። ቪኤ ግን ለምስክር ቃል የሚፈልገው ቃሉ እውነት ስለመሆኑ የምስክሩን ፊርማ እንጂ ማኅተም አይደለም። እናትዎ በአማርኛ ከተናገሩ ቃላቸው እንዳለ ይጻፍና የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከነተርጓሚው ስምና ፊርማ ይያያዝ።

ለማኅተም የሚወጣው ጉልበት ለዝርዝሩ ይዋል። «ባለቤቴ ከተመለሰ ጀምሮ ይጨነቃል፣ ጠባዩም ተለውጧል» የሚል ቃል ለመዛኙ የሚነግረው ነገር የለም። «ፒያሳ በቤታችን አጠገብ ሕንጻ ሲፈርስ ድምፁን ሰምቶ ልጃችንን አቅፎ መሬት ላይ ተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ከልጁ ጋር ታክሲ አይሳፈርም፤ በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት በላብ ተጠምቆ ይነቃል፤ ከሁለት መሥሪያ ቤት ከአለቃ ጋር ተጣልቶ ወጥቷል» የሚለው ግን ድግግሞሹን፣ በሥራ ላይ ያደረሰውንና በቤተሰብ ላይ ያደረሰውን በአንድ ትንፋሽ ያሳያል።

ማመልከቻውን ማስገባት

ዋናው ማመልከቻ ቅጽ 21-526ኢዜድ ነው። በድረ ገጹ በኩል ማስገባት ከሁሉ ይሻላል፤ በወረቀት የሚልክ ሰው ወደ ጄንስቪል፣ ዊስኮንሲን ይልካል። እንደ አሜሪካን ሊጅን፣ ዲኤቪ እና ቪኤፍደብሊው ያሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ዕውቅና ያላቸው ወኪሎች ስላሏቸው፣ ቅጽ 21-22 ፈርመው ከሰጧቸው ያለ ምንም ክፍያ ከርቀት ይረዱዎታል። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ዝግጅት ገንዘብ መቀበል ሕጉ አይፈቅድም፤ ጠበቃም ቢሆን ሊያስከፍል የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው። ስለዚህ ካሳው ሲወጣ መቶኛ ትሰጠኛለህ የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ከመጣ በሩን ያሳዩት።

ምርመራው

ቪኤ ምርመራውን ለኮንትራት ድርጅት ሊሰጥ ስለሚችል ከማያውቁት የውጭ ቁጥር ለሚመጣ ስልክ ይዘጋጁ። ፒትስበርግ ላይ በአሜሪካውያን አቆጣጠር ከጠዋቱ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ላይ በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። ቀጠሮው «በ3 ሰዓት» ከተባለ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ደግመው ይጠይቁ። ከቀጠሮው ከቀሩ በመጀመሪያ ማመልከቻ ላይ ውሳኔው በፋይሉ ውስጥ ባለው ብቻ ይሰጣል፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም። መገኘት ካልቻሉ ምክንያቱን አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ።

በምርመራው ላይ ትልቁ ጠላት ጨዋነታችን ነው። መርማሪው «እንዴት ነዎት?» ሲል አፋችን ሳናስብ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ እርሱም ደህና ነው ብሎ ይጽፋል። «እንቅልፍስ?» ሲባል «ይሻላል» እንላለን፤ ሲብስ ምን እንደሚመስል አንናገርም። ምስጋናው ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ይቆይ። መርማሪው ሊያውቅ የሚገባው መጥፎው ቀን ምን እንደሚመስልና በወር ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ነው፤ ከልቅሶ ቤት ስንት ጊዜ ተነሥተው እንደወጡ፣ ዕድርና ማኅበር ለምን እንደተዉ፣ ከሰው ጋር ሲቀመጡ ለምን ፊትዎን ወደ በሩ እንደሚያደርጉ ይንገሩት። ከዚህ ጎን ለጎን ማጋነን አደገኛ መሆኑን አይርሱ፤ ቃልዎ ከካርድዎና ከምስክሮቹ ጋር ይነጻጸራል፣ ሐሰተኛ ቃልም በአሜሪካ ሕግ ወንጀል ነው።

መጠጥና ጫትን መደበቅም አይጠቅምም። ሱስ በራሱ ካሳ አያስገኝም፤ ነገር ግን ሕመሙን ለማስታገስ የተጀመረና ከፒቲኤስዲ የመነጨ መሆኑን ባለሙያው ካረጋገጠ ከሕመሙ ጋር አብሮ ይታያል። የተደበቀ እንደሆነ ግን ምልክቶቹ ሁሉ በሱሱ ሊመካኙ ይችላሉ።

ውሳኔውና ከዚያ በኋላ

የአእምሮ ሕመም የጉዳት መጠን 0፣ 10፣ 30፣ 50፣ 70 ወይም 100 በመቶ ተብሎ ይወሰናል፤ ከፒቲኤስዲ ሌላ የድብርት ሕመም ቢኖርም የሚሰጠው አንድ መጠን ነው። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚመጣ ድንገተኛ የሽብር ስሜትና የማስታወስ ችግር 50 በመቶ ላይ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ቁጣን መቆጣጠር አለመቻል 70 በመቶ ላይ በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ተመን፣ ጥገኛ ለሌለው ሰው በወር 30 በመቶ 537.42 ዶላር፣ 50 በመቶ 1,102.04፣ 70 በመቶ 1,759.19፣ 100 በመቶ ደግሞ 3,831.30 ዶላር ያስገኝ ነበር፤ ገንዘቡም በአሜሪካ ከፌዴራል ግብር ነጻ ነው። ሕመሙ ቋሚ ሥራ የማያሠራ ከሆነና በአንድ ሕመም 60 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከተሰጠዎት፣ በቅጽ 21-8940 በ100 በመቶ ልክ እንዲከፈልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

መጠኑ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ተጨማሪ ይከፈላል፤ ለዚህም ከወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ያውጡ። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና እርስዎ ለሚጦሯቸው ወላጆችም በቅጽ 21ፒ-509 መጠየቅ እንደሚቻል ነው።

ውሳኔው ካልተስማማዎት በደብዳቤው ላይ ከታተመው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለዎት። አዲስና ጉዳዩን የሚመለከት ማስረጃ ካገኙ በቅጽ 20-0995 ተጨማሪ ማመልከቻ ያቀርባሉ፤ ማስረጃው በቂ ሆኖ ሳለ በትክክል አልታየም የሚሉ ከሆነ በቅጽ 20-0996 ከፍ ባለ ባለሙያ እንዲታይ ይጠይቃሉ፣ በዚህኛው መንገድ ግን አዲስ ወረቀት አይጨመርም። ሦስተኛው በቅጽ 10182 ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ ሲሆን ከሁለቱ ረዘም ይላል። የሐኪሙ ደብዳቤ ደካማ ስለነበር ለተከለከለ ሰው የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ካሳው ከተፈቀደ በኋላ ለዚያው ሕመም አዲስ አበባ የሚያወጡትን የሕክምና ወጪ ቪኤ በውጭ አገር የሕክምና ፕሮግራሙ በኩል ይመልሳል። ፕሮግራሙ የሚመራው ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነው። በቅጽ 10-7959ኤፍ-1 ይመዘገባሉ፤ ወጪውን በቅጽ 10-7959ኤፍ-2 ይጠይቃሉ። ክሊኒኩ «የሕክምና አገልግሎት» ብሎ በጅምላ የሚቆርጠው ደረሰኝ አይበቃም፤ የሕመሙ ስም፣ የተሰጠው አገልግሎት፣ ቀኑና የእያንዳንዱ ዋጋ ተዘርዝሮ እንዲጻፍ፣ የፋርማሲውም ደረሰኝ የመድኃኒቱን ስምና መጠን እንዲይዝ ገንዘብ ያዧን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።